ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ያለው ማነው?

በዚህ አገር የስኳር ሕመምተኛ የሐኪሙን ስም ሳይለምድ የሚለምደው ቃል «የለም» ነው። «የለም» ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። «አልቋል» አለ፤ «ገና አልገባም» አለ፤ «ሰኞ ብቅ ይበሉ» አለ፤ «ከውጭ ይግዙት» አለ። ኢንሱሊኑ ኖሮ ሲሪንጁ የማይኖርበት፣ ሲሪንጁ ኖሮ ኢንሱሊኑ የማይኖርበት፣ ሁለቱም ተገኝተው የመለኪያው ስትሪፕ የሚጠፋበት፣ ስትሪፑም ከስንት ልፋት በኋላ ሲገኝ «ይሄ እኮ ለእርስዎ ማሽን አይሆንም» የሚባልበት ጊዜ አለ። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በሚቻል ዋጋ የተገኙ እንደሆነ ሕመምተኛው እግዜርን አመስግኖ ለጎረቤት ስልክ ይደውላል፤ «ቶሎ ድረሱ፣ ገብቷል!»

ይህን የምጽፈው አንብቤ ብቻ አይደለም። እናቴ ኢንሱሊን መውጋት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በነዚህ ዓመታት የከተማውን ፋርማሲዎች የምለያቸው በታፔላቸው ሳይሆን በ«የለም» አባባላቸው ነው። አንዱ ቀና ሳይል ይላል፤ አንዷ ከልቧ አዝና ትላለች፤ አንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከፈለግክ አስመጣልሃለሁ፣ ዋጋው ግን ትንሽ…» ይላል። ይሁንና ከሁሉ የሚያናድደኝ ባለ ፋርማሲው አይደለም። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ አንዳንዴም የተማረ ሰው በተሰበሰበበት የሚወረወር አንድ አባባል ነው፤ «ስኳር እኮ የሀብታም በሽታ ነው።»

አባባሉ ቀልድ ይመስላል እንጂ ሥራው የቀልድ አይደለም። በሽታው የሀብታም ከሆነ ወጪውን ሀብታሙ ይቻለው ማለት ነው። በሽታው የሆዳም ከሆነ ሆዳሙ አፉን ይሰብስብ ማለት ነው። ማንም በደብዳቤ ባይጽፈውም የበጀቱ ቅደም ተከተል፣ የሰልፉ ርዝመት፣ የመደርደሪያው ባዶነት በዚህ አስተሳሰብ የተቃኘ ነው። ስለዚህ ሙግቴን ከዚሁ እጀምራለሁ።

ማነው የሚታመመው?

«የሀብታም በሽታ» ሲባል ለሁላችንም የሚመጣልን ሥዕል አንድ ነው፤ ቦርጩን ያስቀደመ፣ ጥሬ ሥጋና ውስኪ የሚያዘወትር፣ ከመኪና ወርዶ መኪና ውስጥ የሚገባ ሰው። እንዲህ ያለ ታማሚ የለም አልልም፣ አለ። ችግሩ ይህ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ሌሎቹን ሁሉ መጋረዱ ነው።

አንደኛው ዓይነት ስኳር የሚባለውን እንይ። በብዛት የሚጀምረው በልጅነትና በወጣትነት ነው። የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ያጠፋቸዋል። እዚህ ላይ ቦርጭ የለም፣ ውስኪ የለም፣ ጥፋት የሚባል ነገር የለም። የሰባት ዓመት ሕፃን ምን በልቶ ነው የሚወቀሰው? ኢንሱሊን ካላገኘ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሞታል። አመጋገብ ማስተካከል፣ ስፖርት መሥራት፣ መጾም፣ እሬትና አብሽ መጠጣት አያድነውም። የሚያድነው ኢንሱሊን ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። ጎንደር ላይ ለረጅም ዓመታት የስኳር ሕሙማንን ያከሙት ሐኪም ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። በገጠር ያገኟቸው ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች በአብዛኛው ወንዶች፣ ቀጫጭኖችና የመጨረሻ ድሆች ነበሩ። ጥናቱ ያነሳው ጥያቄ የበሽታው ሥር ከምግብ እጥረት ጋር ይያያዝ እንደሆን ነበር። ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጠው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጠግቦ በመብላት ብቻ የሚመጣ ነው ስንለው የኖርነው በሽታ፣ ባለመጥገብም ይመጣል። ያ ከሲታ አራሽ «የሀብታም በሽታ ይዞሃል» ሲባል ምን ይሰማው ይሆን?

ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም በብዙ አዋቂዎች ላይ የሚታየው፣ እሱም ቢሆን ዛሬ ሀብትን አይመርጥም። ጉሊት ላይ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠው፣ ሌሊቱን የሚያድረው ዘበኛ፣ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ስኳር ያለባቸው እነሱ ናቸው። «ነጭ ዳቦ አትብሉ፣ አትክልት አብዙ፣ ሥጋው ጮማ የሌለው ይሁን» ይባላሉ። ምክሩ ትክክል ነው። ግን ገበያ ወጥቶ የአትክልቱን ዋጋ ያየ ሰው ምክሩ ለማን እንደተጻፈ ይገባዋል። በዳቦና በሽሮ ወሩን ለሚገፋ ሰው «ምርጫህን አስተካክል» ማለት ምርጫ እንዳለው ማስመሰል ነው።

ብልቃጡ ብቻውን አይወጋም

«ኢንሱሊን እኮ ርካሽ ነው፣ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ በትንሽ ብር ይሰጣል» የሚል ክርክር አለ። እሺ፣ አብረን እንቁጠር።

አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ውስጡ 1000 ዩኒት አለ። በቀን 40 ዩኒት የሚወጋ ሰው በወር 1200 ዩኒት ይፈልጋል፤ አንዱ ብልቃጥ ወሩን አያዳርስም ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን ከታዘዘለት፣ ደመና የመሰለውና ኩልል ያለው፣ ሁለት ብልቃጥ ይከፍታል። ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ አራት ሳምንት ገደማ ነው ዕድሜው፤ የተረፈው መጣል አለበት። በቀን ሁለቴ የሚወጋ ሰው በወር 60 ሲሪንጅ ያስፈልገዋል፤ ሲሪንጁ የተሠራው ለአንድ ጊዜ ነውና። በቀን ሁለቴ የሚለካ 60 ስትሪፕ፣ ልጅ ከሆነና አራት ጊዜ ከተለካ 120 ስትሪፕ። ስትሪፑ በ50 በ50 ታሽጎ ነው የሚሸጠው። ጣት መውጊያ፣ አልኮል፣ ጥጥ። ከዚያ ፍሪጅ። ፍሪጅ ካለ መብራት።

አሁን «ርካሽ» የተባለው ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛው ነው? አንዱ ብልቃጥ ብቻ! የተቀረውን ሕመምተኛው ከኪሱ ይግዛ ተብሎ ተትቷል። ብዙ ቤት ውስጥ ከኢንሱሊኑ ይልቅ የሚያስጨንቀው ስትሪፑ ነው። ሙግዱን በነፃ ሰጥቶ ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ እንጨቱንና ምጣዱን «ከውጭ ይግዙ» እንደማለት ነው። እንጀራ አይሆንም።

ውጤቱን የማያውቅ የለም። ሰው አንዱን ሲሪንጅ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዞ ይቆያል። መርፌው መደንዘዙን በቆዳው ያውቀዋል። ቤተሰብና ጎረቤት አንድ መለኪያ፣ አልፎም አንድ ጣት መውጊያ ይዋዋሳል፤ ይህ ደግሞ እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለውን በደም የሚተላለፍ በሽታ ከቤት ቤት የሚያዞር ነገር ነው። ሲሪንጅ ሲጠፋ ያገኙትን መግዛት ሌላ አደጋ አለው። ቀይ ክዳን ያለው ባለ 40ና ብርቱካናማ ክዳን ያለው ባለ 100 ሲሪንጅ አንድ አይደሉም። ባለ 100ውን ኢንሱሊን በባለ 40 ሲሪንጅ እስከ 40 ምልክት የሞላ ሰው 40 ሳይሆን 100 ዩኒት ይወጋል። ሁለት ተኩል እጥፍ! ይህን ለማንም ገበሬ፣ ለማንም አሮጊት ማስረዳት ያስፈልጋል። የሚያስረዳው ማነው? በሰልፍ የተወጠረችው ነርስ ናት?

ስትሪፕ ያጣ ሕመምተኛ ደግሞ በግምት ይወጋል። ስኳሩ ወርዶ ራሱን እንዳይስት ስለሚፈራ መጠኑን ይቀንሳል። መፍራቱ ተገቢ ነው፤ ስኳር ሲወርድ በሰዓት ውስጥ ይገድላል፣ ሲወጣ ግን ቀስ ብሎ ነው ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ እግርን የሚበላው። ስለዚህ ሰው የሩቁን ሞት መርጦ ከቅርቡ ይሸሻል። ዶክተሩ ከዓመታት በኋላ «ለምን አልተከታተልክም?» ብሎ ይቆጣዋል። በምን ይከታተል?

ማሽኑ በነፃ ነው

ስለ ስትሪፑ ካነሳን አይቀር፣ አንድ የንግድ ዘዴ መታወቅ አለበት። ፕሪንተር የገዛ ሰው ያውቀዋል፤ ማሽኑ በርካሽ ይሸጣል፣ ቀለሙ ግን ሰው ያስለቅሳል። የስኳር መለኪያም እንዲሁ ነው። ማሽኑ በቅናሽ፣ አንዳንዴም በስጦታ ይመጣል። ግን እያንዳንዱ ማሽን የሚቀበለው የራሱን ኩባንያ ስትሪፕ ብቻ ነው። ማሽኑን የተቀበልክ ቀን ደንበኛ ሆነህ ተመዝግበሃል።

ይህ ዘዴ አቅርቦት ባልተቋረጠበት አገር ገንዘብ መብያ ነው። አቅርቦት በሚቆራረጥበት አገር ግን ከዚያም የከፋ ነው። ዘንድሮ አንድ አስመጪ አንድ ዓይነት ማሽን ያመጣል፤ ሰው ይገዛል፤ በዓመቱ አስመጪው የውጭ ምንዛሪ ያጣል ወይም ሌላ ዓይነት ማምጣት ይጀምራል፤ ስትሪፑ ከገበያ ይጠፋል። ማሽኑ ከነ ቦርሳው ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል። እናቴ ቤት እንዲህ ያሉ ጤነኛ ግን ሥራ ፈት ማሽኖች ሦስት አሉ። አንዱ ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ስትሪፑ እዚህ ተሽጦም አያውቅ።

የሻንጣው ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከሪያድ የሚመጣ ዘመድ ካለ ስልኩ ከበረራው ሳምንት በፊት ይጨናነቃል፤ «ለእትዬ እከሊት ስትሪፕ፣ ለጋሼ እከሌ መርፌ።» ዘመዶቻችን እግዜር ይስጣቸው፤ ብዙ ሰው በነሱ ሻንጣ ነው የሚኖረው። ግን ሻንጣ የጤና ሥርዓት አይደለም። ኢንሱሊን ያልተከፈተ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ላይ መቀመጥ አለበት፤ ከበረደ፣ ማለትም አንዴ ከረጋ፣ ቢቀልጥም አይሠራም። በሻንጣ መጥቶ፣ ጉምሩክ ቆሞ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ መትቶት የደረሰ ብልቃጥ ኃይሉ እንዳለ ማን ያውቃል? ደግሞስ ውጭ ዘመድ የሌለው ምን ይሁን? እዚህ ጋ ነው «የሀብታም በሽታ» የሚለው አባባል በጠማማ መንገድ እውነት የሚሆነው። በሽታው የሁሉ ነው፤ ታክሞ መኖሩ ግን ዘመድ ላለውና ገንዘብ ላለው ሆኗል።

የቀጠሮ ቀን

ገንዘቡን ለጊዜው እንተወውና ድካሙን እንይ። የቀጠሮ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው። ሕመምተኛው ከእራት በኋላ ምንም ሳይቀምስ መምጣት አለበት፤ ስኳሩ የሚለካው በባዶ ሆድ ነውና። ከገጠር የሚመጣ ከሆነ እስከ አስፋልቱ በእግሩ፣ ከአስፋልቱ በሚኒባስ ነው። ደርሶ ካርድ ክፍል ይሰለፋል። ክፍያ ይሰለፋል። ላቦራቶሪ ይሰለፋል። ሐኪም ጋ ይሰለፋል። መጨረሻ ላይ ፋርማሲ ይሰለፋል። ረፋዱ 5 ሰዓት ሆኖ እስካሁን ቁርስ ያልቀመሰ የስኳር ሕመምተኛ ሰልፍ ላይ ላብ አጥምቆት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ከጎኑ ያለችው እናት ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ አፉ ውስጥ ስትጨምርለት አይቻለሁ። ያችም ሕመምተኛ ናት። ሕመምተኛ ሕመምተኛን የሚያድንበት ሰልፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መስኮቱ ላይ «ኢንሱሊን የለም» ይባላል። የቀን ሠራተኛ ከሆነ የቀን ደመወዙ ሄዷል። ዓይኑ የደከመ ከሆነ ይዞት የመጣው ልጁ ከትምህርት ቀርቷል። ትራንስፖርቱ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ወጪ በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ የመድኃኒት ዋጋ ሲባል የሚቆጠረው መስኮቱ ላይ የሚከፈለው ብቻ ነው።

ሐኪሙስ ከዚህ ሁሉ ምን አገኘ? አንድ ቁጥር። የአንድ ጠዋት፣ የአንድ ባዶ ሆድ ቁጥር። ስኳር በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ይወጣል ይወርዳል፤ እሱ ግን በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ ባየው ቁጥር የሚቀጥለውን ሁለት ወር መጠን ይወስናል። ሐኪሙን አልወቅስም። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ በዚያ አንድ ቁጥር፣ ከዚያ በላይ የሚሠራ ካለ ተአምር ነው።

መድኑስ?

«ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ አይደል?» ይባላል። አለ፤ መኖሩም ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በአገሪቱ ተስፋፍቷል፣ ብዙ ድሃ ቤተሰብን ከዕዳ አውጥቷል። ግን የመድኑ ደብተር የሚሠራው ጤና ተቋሙ ውስጥ ለሚገኝ ነገር ነው። መስኮቱ ላይ «የለም» ከተባለ ደብተሩ ወረቀት ነው። የግል ፋርማሲ ደብተር አይቀበልም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይሄኔ ነው። ቤት ውስጥ የሚለካበት ስትሪፕ ደግሞ በአብዛኛው ከነጭራሹ የሒሳቡ አካል አይደለም።

ደመወዝተኛውስ? ለመደበኛው ሠራተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ከታወጀ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይተገበር ቆይቷል። ስለዚህ ልጇ አንደኛው ዓይነት ስኳር የያዘባት የመንግሥት መምህርት ለድሃ የተባለውን መድን አታገኝ፣ የራሷን አታገኝ፣ ደመወዟ ከፋርማሲ አይደርስ።

በዚህ ላይ ብሩ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፖሊሲውን ጥቅምና ጉዳት ኢኮኖሚስቶች ይከራከሩበት። እኔ የምለው ቀላል ነው፤ ኢንሱሊኑም፣ ሲሪንጁም፣ ስትሪፑም በዶላር የሚገባ ነው። 10 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ከ570 ብር ተነስቶ ከ1000 ብር ሲያልፍ፣ ሰው ጫማ ከሆነ ይተወዋል፣ ስልክ ከሆነ ያቆየዋል። ኢንሱሊን እንዴት ይቆያል?

መቆየት ምን ማለት እንደሆነ ሩቅ ሳንሄድ አይተናል። በጦርነቱ ጊዜ የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀባቸው እንደሆነ ለዓለም ሲጮኹ ነበር። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኢንሱሊንን ጨምሮ የሕክምና ዕቃ ወደ መቀሌ ማድረስ የቻለው ጥር 2014 ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ለወራት ምንም አላደረሰም። ስኳር ያለበት ሰው ጥይት ሳይመታው በጦርነት ይሞታል። መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ይህ ለየትኛውም ወገን የፖለቲካ ነጥብ ማስቆጠሪያ እንዲሆን አላነሳሁትም፤ ዛሬም መንገድ በተዘጋበት ቦታ ሁሉ ያው ስለሆነ ነው።

አንድ ዶላር

የዚህን መድኃኒት ታሪክ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ኢንሱሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተወግቶ ከሞት ተመለሰ። ፍሬደሪክ ባንቲንግ ስሙ በፓተንቱ ላይ እንዲሰፍር እንኳን አልፈለገም፤ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1923 መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት። የኛ የሆነ ነገር አይደለም፣ የዓለም ነው ለማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ የዓለም የኢንሱሊን ገበያ ከ90 በመቶ በላይ በሦስት ኩባንያዎች እጅ ነው፤ በዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክ፣ በአሜሪካው ኢላይ ሊሊና በፈረንሳዩ ሳኖፊ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቢኤምጄ ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ ጥናት እንደገመተው አንድን ሰው ዓመቱን ሙሉ በተለመደው ሂዩማን ኢንሱሊን ለማከም፣ ተገቢ ትርፍ ተጨምሮበት እንኳን፣ ከ48 እስከ 71 ዶላር ይበቃል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ጀምሮ አለበት። ዝርዝሩ ላይ መስፈርና መስኮቱ ላይ መገኘት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ኩባንያዎቹ ወዴት እያዩ እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኖቮ ኖርዲስክ ለመንግሥት ሆስፒታሎች የሚያቀርበውን የሂዩማን ኢንሱሊን እስክሪብቶ ሲያቋርጥ፣ በእስክሪብቶ የለመዱ ሕመምተኞች ወደ ብልቃጥና ሲሪንጅ ተመለሱ። ከኛ የምትከብር፣ ከኛ የተሻለ ገዢ የሆነች አገር እንዲህ ከሆነች፣ ተራ በተራ የምንገዛ እኛ ምን ዋስትና አለን?

«ድሃ አገር ነን»

የመጨረሻው መከላከያ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም አፍ ያስይዛል። «ድሃ አገር ነን፣ የትኛውን እናዳርስ?» እኔ ግን አፌን የማይዘው በአንድ ምክንያት ነው። ይህቺው ድሃ አገር አንዴ ሠርታ አሳይታለች።

የኤችአይቪ መድኃኒት መጀመሪያ በክፍያ ነበር፤ ሰው ቤቱን ሸጦ ይገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ላይ በነፃ መሰጠት ሲጀምር አገሪቱ ከዛሬው የበለጠ ሀብታም አልነበረችም። ከዚያም አልፎ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደህና ላሉ ተጠቃሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት ተጀመረ፤ ሰው በየወሩ ከሚሰለፍ በዓመት ሁለቴ ይምጣ ተባለ። «የውጭ ዕርዳታ ነው እኮ!» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ገንዘቡ በብዛት የውጭ ነበር። ግን መጋዘኑ፣ መኪናው፣ የጤና ባለሙያዋ፣ መዝገቡ፣ ቀጠሮው የኛ ነው። ገንዘቡም ከሰማይ አልወረደም። ሕሙማን ፊታቸውን ገልጠው፣ ማኅበር መሥርተው፣ «እየሞትን ነው» ብለው በአደባባይ ስለተናገሩ ነው የመጣው።

ለስኳር ሕፃናትና ወጣቶች ኢንሱሊን የሚለግሱ ዓለም አቀፍ ፕሮግራሞች አሉ፤ ብዙ ልጅ አድነዋል፣ ይመስገኑ። ግን ልገሳው በአብዛኛው 25 ዓመት ላይ ያበቃል። ስኳሩ 26ኛ ዓመቱን አያውቅም። ከበጎ አድራጊ እጅ የተንጠለጠለ ሕይወት፣ በጎ አድራጊው ስትራቴጂውን በቀየረ ማግስት ምን እንደሚሆን ደግሞ በሌሎች ዕርዳታዎች መቋረጥ አይተነዋል።

ቁጠባ ከሆነ ወሬው፣ ቁጠባውም እዚያ አይደለም። በስትሪፕና በሲሪንጅ የተቆጠበው ብር በኩላሊት እጥበት፣ በተቆረጠ እግር፣ በጠፋ ዓይን ተመልሶ ይወጣል፤ ያኔ ግን በቤተሰቡ ስም ስለሚመዘገብ መንግሥት አላየውም። በየታክሲው መስኮት የኩላሊት ሕመምተኛ ፎቶ ይዘው የሚለምኑትን ልጆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ስኳር ከዋናዎቹ የኩላሊት ድካም ምክንያቶች አንዱ ነው። ሳንቲሙን እዚያ እንከፍላለን።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምጠይቀው የማይቻል ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ኢንሱሊን ብቻውን መድኃኒት ተብሎ መቆጠሩ ይቅር። ኢንሱሊን፣ ሲሪንጅና ስትሪፕ በግዢውም፣ በመድኑም፣ በሪፖርቱም አንድ ጥቅል ይሁኑ። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ተቋም «አለን» ብሎ ሪፖርት አያድርግ።

ሁለተኛ፣ የመንግሥት ግዢ ማሽን አይግዛ፣ ስትሪፕ ይግዛ። ጨረታው የሚወዳደረው በማሽኑ ሳይሆን በአምስት ዓመት የስትሪፕ ዋጋና አቅርቦት ይሁን። አገሪቱ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት መርጣ ትጽና፤ ሰው በየዓመቱ አዲስ ማሽን አይቀይር።

ሦስተኛ፣ ሲሪንጅና ስትሪፕ ፍሪጅ አይፈልጉም። ስለዚህ የሦስት ወሩን በአንዴ ለመስጠት ምንም የሚከለክል የለም። ለኢንሱሊኑም ፍሪጅ የሌለው ሁሉ ተስፋ ቢስ አይደለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በኬንያ የስደተኞች መጠለያ ሙቀት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ መካከል፣ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኃይሉን ጠብቆ ተገኝቷል። እርጥብ አሸዋ የተደረገበት ማሰሮ ሙቀትን ይቀንሳል። ይህን ለገጠር ሕመምተኛ በአግባቡ ማስተማር ርካሽ ነው።

አራተኛ፣ ያለውንና የሌለውን አስቀድማችሁ ንገሩን። እያንዳንዱ ሆስፒታል በሳምንት አንዴ ኢንሱሊን፣ ሲሪንጅ፣ ስትሪፕ እንዳለው በስልክ መልእክት ወይም በቴሌግራም ማሳወቅ ያቅተዋል? ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ «የለም» ለመስማት አይምጣ። ይህ ዶላር አይጠይቅም።

አምስተኛ፣ ለውጭ ምንዛሪ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ነገሮች ሲደረደሩ የስኳር ሕሙማን ጥቅል ከላይ ይቀመጥ፤ መቀመጡም በየሩብ ዓመቱ በአደባባይ ይነገር። ነዳጅ ሲጠፋ ሚኒስትር መግለጫ ይሰጣል። ኢንሱሊን ሲጠፋም መግለጫ የሚሰጥ ሰው ይኑር፣ ስሙም ይታወቅ።

የመጨረሻው ለእኛው ነው፣ ለሕሙማኑና ለቤተሰቦቻቸው። የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ አለ። ስንቶቻችን አባል ነን? ስንቶቻችን ስኳራችንን ከሥራ ባልደረባ ደብቀን ሽንት ቤት ገብተን እንወጋለን? ልጃገረዷ «ባል አታገኝም» ተብላ መርፌዋን የምትደብቅበት አገር ውስጥ፣ የጤና ሚኒስቴር ስለ መርፌዋ ቢረሳ አይገርምም። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ «የለም» ስንባል አንገታችንን ደፍተን አንሂድ። ለምን እንደሌለ፣ መቼ እንደታዘዘ፣ ማን እንደሚመልስ እንጠይቅ፤ መልሱን በጽሑፍ እንቀበል፤ ጎናችን የቆመውንም ሰው እንዲጠይቅ እንንገረው። አንድ ሰው ሲጠይቅ «ጨቅጫቃ» ይባላል። ሰልፉ በሙሉ ሲጠይቅ ግን መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ለአለቃዋ የምታሳየው ወረቀት ታገኛለች፤ አለቃዋም ለበላዩ።